እስክትፈተን አትንገሯት

እናቴ ከሞተች በኋላ እንግሊዝኛዋ ተሻሻለ።

በሕይወት ሳለች በማዳመጫ ክፍሉ የምሰማው ድምፅዋ ይሰነጣጠቅ ነበር። ረጅም ቃል ሲመጣበት ይደናቀፋል፤ አንዳንዱን ዓረፍተ ነገር መሐል ላይ ይውጠዋል። ከገና በኋላ ግን አንድ ቀን ጠዋት ጠርቶ መጣ። እናቴ ለንደን ተወልዳ ያደገች እስክትመስል ድረስ ቃላቱን አንድ በአንድ እያነጠረች ስለ ባቡር ትኬት አስረዳችኝ። ከየት መጣ ብዬ አልጠየቅሁም። ነጥቤ ከፍ አለ፤ ምሳ ላይ ለጓደኞቼ በደስታ አወራሁ።

የመጣው ከሐይቅ ከተማ ነበር። አጎቴ አያ ሙሉሰው በቤተሰቡ እጅ ያለውን የእናቴን ድምፅ ሁሉ፣ ከሠርግ ቪዲዮው እስከ ስልክ መልእክቱ ድረስ፣ ሰብስበው ለኮሌጁ ልከዋል። የላኩት ከቀብሯ በተመለሱ ማግስት ነው።

የምማረው አዳማ ነበር። በሁለተኛው ዓመት አጋማሽ የእንግሊዝኛ ብቃት ፈተና አለ፤ ከፈተናውም ትልቁ ክፍል ማዳመጥ ነው። ያለፈ የጆሮ ሥራ ያገኛል። ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ የውጭ አገር ደንበኞች በስልክ የሚናገሩትን ይሰማል፤ ይኼ ተናዷል፣ ይኼ አዝኗል፣ ይኼ እየዋሸ ነው እያለ ምልክት ያደርጋል። የወደቀ ወደ መጣበት ይመለሳል። ሁለተኛ ዕድል የለም። የምንለማመደው እያንዳንዳችን በምንወደው ሰው ድምፅ ነው። ጆሮ ለሚወደው ሰው ቶሎ ይከፈታል ብለው አስጠንተዋል።

እናቴ አስካለ በሐይቁ ዳር ካሉት የዓሣ ገንዳዎች ዓሣ እየገዛች፣ አጽድታና ከትፋ የምትሸጥ ሴት ነበረች። አውሮፕላን ማረፊያ ረግጣ አታውቅም። በጆሮዬ ውስጥ ግን ጠዋት ጠዋት በረራው በጭጋግ ምክንያት መዘግየቱን ትነግረኛለች። ቤተ መጻሕፍቱ እሑድ እንደማይከፈት ታሳስበኛለች። ስለ ወፎች ፍልሰት ሌክቸር ትሰጠኛለች። ከዚያ ጥያቄው ይመጣል። ተናጋሪዋ ስለ መዘግየቱ ምን ተሰማት? ሀ፣ ተሰላችታለች። ለ፣ ተጨንቃለች። ሐ፣ ተናዳለች። መ፣ ሁኔታውን ተቀብላለች።

ቁጡ ሴት ነበረች። ይህን ሁሉም ሰው ያውቀዋል፤ ገበያው ያውቀዋል፣ ቀበሌው ያውቀዋል። የኮሌጁ ሰው ድምፅዋን ሊቀዳ ሐይቅ ድረስ በሄደ ቀን፣ ደስ ያለሽን አውሪ ቢላት፣ ጫማህን ሳታወልቅ ምንጣፌን ለምን ረገጥክ ብላ ስትቆጣው ዋለች። እንግሊዝኛዋን የሠሩት ከዚያ ቁጣ ነው። ቁጣውን አጥበው አወጡና የቀረውን ለእኔ ሰጡኝ።

ሞትን ከተማሪ መደበቅ የኮሌጁ ፈጠራ አይደለም። እኛው ነን የፈጠርነው። ፈተና ላለበት ልጅ፣ ለነፍሰ ጡር፣ ባሕር ማዶ ላለ ሰው መርዶ አይነገርም፤ ይቆያል። ድሮ ግን ውሸቱ ሰው ያደክም ነበር። ልጅቷ ስትደውል “ገበያ ሄዳለች”፣ “ተኝታለች” የሚላት ሰው ድምፁ ይንቀጠቀጣል፤ በሦስተኛው ቀን ቃሉ ይምታታበታል፤ ልጅቷም ትጠረጥራለች። አሁን ማንም መዋሸት አይጠበቅበትም። ሟቿ ራሷ ስልኩን ታነሳለች። ቤተሰብ ይፈርማል፣ ድምፅ ይልካል፣ የሚቀረውን ማቆያው ይጨርሰዋል። ማቆያ ነው የሚሉት። ግቢው ውስጥ ቢሮ አለው፤ በሩ ላይ አበባ ተተክሏል።

ተማሪው ይህን ሁሉ ያውቃል። ስለዚህ ከጥር መግቢያ ጀምሮ በዶርማችን ጠዋት ጠዋት የሚሰማው ጸብ ነው። ማቆያው አይቆጣም፣ አይሳደብም፤ ተማሪውን እንዳይረብሽ ተብሎ ነው የተሠራው። እናት አባቱ መኖራቸውን ማረጋገጥ የፈለገ፣ ደውሎ ማናደድ አለበት።

ዶርም የምጋራት ሰዓዳ በዚህ የተካነች ነበረች። አባቷ ጋሽ እንድሪስ የከባድ መኪና ሹፌር ናቸው፤ መኪናው ራሱን ነው የሚነዳው፣ እሳቸው ሕጉ ስለሚያስገድድ መሪው ጋ ይቀመጣሉ።

“አባዬ፣ ስደበኝ።”

“ሥራ ላይ ነኝ ልጄ።”

“ምን ሥራ አለህ፣ ተቀምጠህ ነው። ስደበኝ ብያለሁ።”

“አንቺ ዶማ ራስ። ዕድሜዬን የበላሽ ጉድ። በቃሽ?”

“ጨምር።”

“ቁርጥ አክስትሽን። እሷንም ባሏ ሸሽቷታል።”

ሰዓዳ ስልኩን ትዘጋና ፊቷን በሁለት እጇ ታብሳለች። “አልሐምዱሊላህ፣ አባቴ አለ” ትለናለች። ከዚያ ቁርስ እንበላለን።

የካቲት ሲገባ ሰዓዳ ልብሴን ማጠብ ጀመረች። የራሷን ካልሲ እንኳን ሽታው ሰው ካላባረረ በቀር የማታጥብ ሰው ነች።

“ከመቼ ወዲህ ነው አንቺ ለእኔ የምታጥቢው?” አልኳት።

“ሳሙና ተርፎኝ ነው።”

“ሳሙናው እኮ የኔ ነው።”

አልሳቀችም። ያን ዕለት እራት እንደጨረስኩ ደወልኩ።

እናቴ በዓለም ላይ ከሁሉ በላይ የምትጠላው ነገር የእኔ ዓሣ መንካት ነበር። ልጅ ሳለሁ ልረዳት ቢላዋ ባነሳሁ ቁጥር እጄን ትመታኝ ነበር። “እማዬ፣” አልኳት፣ “ትምህርቱን ትቼ ልመጣ ነው። ካንቺ ጋር ዓሣ እሸጣለሁ።”

በሕይወት ያለችው እናቴ ይህን ብትሰማ ስልኳን ሐይቁ ውስጥ ትወረውረው ነበር። ከዚያ የጎረቤት ስልክ ተውሳ ደውላ እስኪነጋ ትሰድበኝ ነበር።

“ደክሞሽ ነው ትርንጌ፣” አለኝ ድምፁ። “ትንሽ እረፊ። ከፈተናው በኋላ ቁጭ ብለን እናወራለን።”

“ተቆጪኝ።”

“ለምን እቆጣሻለሁ? እኮራብሻለሁ እንጂ።”

እናቴ በሕይወቷ እኮራብሻለሁ ብላኝ አታውቅም። ስትኮራብኝ ዓሣውን በኃይል ነበር የምትከትፈው። ስልኩን ሳልዘጋ አልጋው ላይ ተውኩት። ድምፁ ለብቻው ስለ እንቅልፍ ጥቅም ሲያወራ ሰማሁት።

በማግስቱ ማቆያው ቢሮ ሄድኩ። ኃላፊዋ ወይዘሮ ሊዲያ ይባላሉ፤ ለስለስ ያሉ፣ ሁልጊዜ ወንበራቸውን ወደ ተማሪው አስጠግተው የሚያወሩ ሴት ናቸው። ወንበራቸውን አስጠጉ።

“እናቴ ሞታለች?” አልኳቸው።

“ማን እንዲህ አለሽ?”

“ማንም።”

“ታዲያ ማንም ሳይነግርሽ በእናትሽ ላይ ለምን ታሟርቻለሽ?”

“አለች ይበሉኛ።”

“እሱንም አልልም። ለሁሉም ተማሪ መልሳችን አንድ ነው፤ አለችም አንልም፣ የለችም አንልም። ነጥብሽን አይቼዋለሁ፣ በጣም ጥሩ ነው። ደግሞ እወቂው፤ ከዛሬ ጀምሮ እስከ ፈተናው ከግቢ የወጣ የፈተና ወንበሩን ያጣል። ሄደሽ ተለማመጂ።”

ውኃ ቀዱልኝ። ጠጣሁ። ዛሬም የሚያበግነኝ ያን ውኃ መጠጣቴ ነው።

አሟረትሽ ያሉኝ ቀልድ አይደለም። በእኛ አገር መርዶ ሳይነገራት የምታለቅስ ሴት በቆመ ሰው ላይ ሞት ትጠራለች። ስለዚህ ማልቀስ አልቻልኩም። ምናልባት እናቴ ጉንፋን ይዟት መቆጣት አቅቷት ይሆናል፤ ምናልባት እኔ በዕንባዬ እገድላታለሁ። አንድ ሰው ዓይኔን እያየ ሞታለች እስኪለኝ ድረስ እናቴ አልሞተችም። የምፈልገው ይህን ብቻ ነበር። ይነገረኝ፤ ከዚያ አርባዋ ሳያልፍ፣ ሰው ገና በስሟ በሚሰበሰብበት ጊዜ፣ ከሰው ጋር ላልቅስላት። ከአርባ በኋላ ሁሉም ወደ ሥራው ይመለሳል። የዘገየ ብቻውን ነው የሚያለቅሰው። ድምፅዋ የጠራበትን ሳምንት አስቤ ሳሰላው አርባዋ ከፈተናው ይቀድማል።

ወደ ማዳመጫ ክፍል ተመልሼ ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ አደረግሁ። እናቴ ጀልባ እስኪመጣ ስለምትጠብቅ መንገደኛ ተረከችልኝ። ጀልባው ቀርቷል፤ የሚቀጥለው ነገ ነው፤ መንገደኛዋ ወንበር ላይ ተቀምጣ የውኃውን ውበት ታደንቃለች። ተናጋሪዋ ምን ተሰማት? “ተናዳለች” የሚለውን ነካሁ። ስህተት አለኝ። ደገምኩት። ስህተት። ልምምዱ አልቆ ሌላው እስኪጀምር ድረስ ያንኑ ነካሁ። ስለ ቤተ መጻሕፍቱ ሲጠይቀኝ ተናዳለች አልኩ። ስለ ወፎቹ ሲጠይቀኝ ተናዳለች አልኩ። በዚያ ጠዋት ነጥቤ ከክፍሉ መጨረሻ ሆነ።

ያ ድምፅ ዛሬም እዚያው ነው። የሚያስቀዱት ዘመድ የሌላቸው ተማሪዎች በእሱ ይለማመዳሉ። የሚያረጋጋ ድምፅ ነው ይሉታል።

ከሰዓት በኋላ ሰዓዳን ከልብስ ማጠቢያው ጋ አገኘኋት። እንደገና የኔን ሸሚዝ ይዛለች።

“ንገሪኝ፣” አልኳት።

“ፈርሜያለሁ። ዶርም የሚጋራውን ሁሉ ያስፈርማሉ። ምን እንደፈረምኩ እንኳን ልነግርሽ አልችልም፤ ከነገርኩሽ እኔም አልፈተንም።”

“እሺ።”

“እሺ አትበይኝ። ስደቢኝ።”

“አልሰድብሽም።”

ሸሚዙን ጨመቀችው፣ እንደገና ጨመቀችው፤ ውኃ ከወጣለት ቆይቷል። “አባቴ ግን አልፈረመም፣” አለች ወደ ማጠቢያው እያየች። “ሐሙስ በሚሌ አድርጎ ወደ ኮምቦልቻ ይወጣል። ከመነሳቱ በፊት እዚህ ነዳጅ ማደያው ጋ ነው የሚቆመው። አሁንም ነዳጅ ማደያ ነው የምንለው፣ ነዳጅ ከጠፋ ስንት ዘመኑ። እኔ ምንም አላልኩሽም።”

ሐሙስ ምሳ ሰዓት ላይ ከግቢ ወጣሁ። በሩ ላይ ያለው ጥበቃ ስሜን ጠየቀኝና ወንበርሽ ተሰርዟል አለኝ፤ ልክ የዝናብ ትንበያ እንደሚያነብ ሰው።

ጋሽ እንድሪስ ከቆሙበት አዩኝ፤ ከመኪናው ወርደው በሩን ራሳቸው ከፈቱልኝ። በልጃቸው ላይ የሚያዘንቡት ስድብ አንዱም አልነበረም። አዋሽን አልፈን ሜዳው ውስጥ ስንገባ እናቴ ሞታለች ወይ ብዬ ጠየቅኋቸው።

“ልጄ፣” አሉኝ፣ “መርዶ በመንገድ አይነገርም። ባዳ ሰውም አይናገረውም። ቤትሽ ደጃፍ አደርስሻለሁ፤ የደም ዘመድሽ ይንገርሽ። እሱ ካልነገረሽ ተመለሺና እኔ እዚያው በር ላይ እነግርሻለሁ፣ ወላሂ።”

ኮምቦልቻ ማቆም ነበረባቸው፤ አላቆሙም። መኪናው መንገድ ስቷል እያለ ሲጮህባቸው ዝም አሰኝተው ደሴን አልፈው ሐይቅ ድረስ መሩት። የአጎቴ ሰፈር ስንደርስ ጎህ ቀድዷል።

ግቢው ሰው ሞልቶበታል። ትልልቅ ድስቶች ተጥደዋል፤ ሴቶች ክብ ሠርተው ሽንኩርት ይልጣሉ፤ ወንዶች አግዳሚ ወንበር ከጎረቤት ያመላልሳሉ። አርባዋ ያን ቀን ነበር። ደርሼበታለሁ።

መጀመሪያ ያየችኝ የአጎቴ ሚስት እትዬ ባንቺ ነች። ነጠላዋን እንደ ሐዘንተኛ ዘቅዝቃዋለች። አየችኝና እንደቆመች ነጠላውን ፈታ፣ አገላብጣ፣ ለዓመት በዓል እንደሚለበስ አድርጋ አጣፋችው። እጇ ሲቸኩል አየሁ። ሌሎቹም ገባቸው፤ አንዱ ጥቁር ጋቢውን ይዞ ወደ ጓዳ ገባ፣ አንዷ ሻሿን አወለቀች። ይህን ያህል ሰው ሳይነጋገር አንድ ውሸት አብሮ ሲያነሳ አይቼ አላውቅም፤ ልክ ከባድ ድስት ለማውረድ እንደሚተጋገዙት።

“ትርንጎ መጣሽ?” አለች እትዬ ባንቺ። “ማኅበር ደርሶን እኮ ነው። እንኳን ደረስሽልን።”

“የማን ማኅበር?”

“የሚካኤል።”

“ሚካኤል ዛሬ ነው?”

ከሽንኩርቱ ጋ የተቀመጠች አንዲት ሴት እልል አለች። ሌላዋ ተቀበለቻት። በእናቴ አርባ፣ በእናቴ ወንድም ግቢ፣ ሴቶቹ እልል አሉልኝ፤ በሽንኩርቱ ይሁን በሌላ ዓይናቸው እንዳለቀሰ።

አያ ሙሉሰው ከቤት ወጡ። ጺማቸው አድጓል። የሐዘን ጺም መሆኑን ለመደበቅ እጃቸውን አገጫቸው ላይ አድርገው ነው የወጡት።

“ከግቢ ወጣሽ?” አሉኝ። ሰላም አላሉኝም። “ወንበርሽስ?”

“እማዬ የት ነች?”

“ደሴ ሄዳለች። ማታ ትመለሳለች። ቆይ ልደውልልሽ፣ ራሷን አነጋግሪያት።” ስልካቸውን ከኪሳቸው አወጡ።

ከአዳማ እስከ ሐይቅ የያዝኩት ነገር ያኔ ተቀጣጠለ። ልለምናቸው ነበር የመጣሁት። እግራቸው ላይ ወድቄ ንገሩኝ ልል ነበር። ስልኩን ሳየው ተውኩት።

“ያስቀምጡት፣” አልኳቸው። “ይቀመጡ። እትዬ ባንቺ፣ ተቀመጪ። ሁላችሁም ተቀመጡ።”

በእኛ ዘንድ በማለዳ ከሩቅ የመጣ ሰው ተቀመጡ ሲል ምን እንደያዘ ሁሉም ያውቃል። አግዳሚ የተሸከሙት ወንዶች አግዳሚውን አወረዱ። ሽንኩርት የምትልጥ እጅ ሁሉ ቆመ። መርዶ ነጋሪ እንደሚያደርገው ቁጭ ብዬ ወደ መሬት አየሁ።

“አያ ሙሉሰው፣” አልኩ፣ “መርዶ ይዤ ነው የመጣሁት። እህትዎ አስካለ ሞታለች።”



“ማን ነገረሽ?” አሉ አያ ሙሉሰው።

“ማንም አልነገረኝም። ምናልባት አልሰሙ ይሆናል ብዬ እኔ ልነግርዎ መጣሁ። በየማታው ሳነጋግራት እርስዎ እንዳልሰሙ ነበር የሚመስለው።”

“ራሷ ነች ያለችው፣” አሉ። “እስክትፈተን አትንገሯት ብላ ነው የሞተችው። ቃሏን ልብላ? የሙት ቃል ልብላ?”

ይህንን አምናቸዋለሁ። እናቴ እንዲህ ትላለች፤ እየሞተችም ታዝ ነበር። በእሷም ተናድጃለሁ፣ ዛሬም።

“እሷ ትበል፣” አልኳቸው። “እሷ ሞታለች። እርስዎ ግን በሕይወት ነበሩ። አሁን ይንገሩኝ።”

“አወቅሽ እኮ። ምን ልንገርሽ?”

“አላወቅሁም። እናትሽ ሞታለች ይበሉኝ።”

“አስካለ አርፋለች።”

“እንደዚያ አይደለም። እያዩኝ።”

አያ ሙሉሰው ከአገጫቸው ላይ እጃቸውን አወረዱ። ስልኩ እጃቸው ውስጥ ነው፤ ለእትዬ ባንቺ ሰጧት። ከዚያ ዓይኔን አዩኝና “ትርንጎ፣ እናትሽ ሞታለች” አሉኝ።

ልቅሶ አልችልበትም ነበር። ማንም አላስተማረኝም፤ በሰው ልቅሶ ላይ ቆሜ እንኳን አይቼ አላውቅም፣ ስማር ነው ያደግሁት። የወጣኝ ድምፅ ልቅሶ አይመስልም ነበር። ሰውን በስሙ እየጠራሁ ጮኽኩ። አያ ሙሉሰው፣ ሳጥኗን ማን ያዘ? እትዬ ባንቺ፣ ማን አጠባት? እኔ ስለ ወፎች ስማር ማን አጠባት? አየሩን እየመታሁ ግቢውን ዞርኩት። ሴቶቹ ተነስተው በሁለት በኩል ያዙኝ። አንዳንዶቹ እንደገና አለቀሱ፤ ግን አንዴ አልቅሰው የጨረሱት ስለሆነ ቶሎ ደረቀላቸው። ደጃፉ ላይ ጋሽ እንድሪስ ኮፍያቸውን አውልቀው ቆመዋል።

ፀሐይ ወጣች፣ ከፍ አለች። ካህናቱ መጥተው ጥግ ላይ ቆሙ። “በቃሽ” ይሉኝ ጀመር፤ እንደ ወጉ፣ መጀመሪያ ሴቶቹ፣ ከዚያ ሽማግሌዎቹ። በቃሽ፣ አይዞሽ፣ እግዜር ያጥናሽ። በሁሉም ሰው ፊት ላይ የሚነበበው አንድ ነገር ነበር፤ ይህን ነገር ዛሬ ልንዘጋው ነው የመጣነው።

አያ ሙሉሰው ክንዴን ያዙ። “በቃሽ ልጄ። ካህናቱ ቆመዋል። ምግቡም ይቀዘቅዛል።”

“ይቀዝቅዝ፣” አልኳቸው።

እጃቸውን አስለቀቅሁና መሬቱ ላይ ተቀመጥኩ። ምግቡ ቀዘቀዘ።